ለሁለት የተከፈለው የኬፕታውን ቲኬት

እኔ ድሮውንም ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። እናቴ «ይሄ ልጅ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ወረርሽኙ ደግሞ እኔን የመሰለውን ለመቅጣት የመጣ ነው የሚመስለኝ። ጆበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ውስጥ ስልክ የምጠግንባትና ወረቀት የማትምባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። በዚያን ጊዜ ከጠረጴዛው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ስመላለስ እውላለሁ። ደንበኛ የለም። የእጅ ማጽጃው ጣቶቼን አድርቆ ሰንጥቋቸዋል።

አንድ ሥራ ብቻ ነበረኝ፤ በኢንተርኔት ቲኬት መቁረጥ። ተቋርጦ የነበረው የኬፕታውን ባቡር በሳምንት አንድ ቀን መሄድ ጀምሮ ነበር፤ የጣቢያው መስኮት ግን እንደተዘጋ ነው። ሰው እንዳይጠጋጋ ብለው ግማሹን ወንበር ስለዘጉት ቲኬት የሚሸጠው ድረ ገጽ ገና ሲከፍቱት «ሙሉ ነው» ይላል። ሌላው ሰው ይህን አይቶ ስልኩን ይዘጋል። እኔ ግን አንድ ቀን ከመሰላቸት ብዛት ስነካካው ብልሃቱን አገኘሁት። ከጆበርግ ኬፕታውን ስትለው ወንበር የለም ይልሃል። ከጆበርግ ኪምበርሊ፣ መንገድ ላይ እስካለችው ከተማ፣ ብለህ ጠይቀው፤ አለ። ከኪምበርሊ ኬፕታውን ብለህ ጠይቀው፤ እሱም አለ። ያው አንድ ባቡር ነው። ተሳፋሪው ኪምበርሊ ሲደርስ ከአንዱ ወንበር ተነስቶ ሌላው ላይ ይቀመጣል፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ጉራዬን ማን ይቻለው። «ሙሉ ነው ብሎኝ ነበር እኮ» ያለኝን ሁሉ «አንተ መጠየቅ አታውቅበትም» እለው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ መጡ። እትዬ የምንላቸው ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ ጎረቤታችን ናቸው። ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ከቤት ቤት እየዞሩ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ፤ በዚያች ሰፈር እሳቸውን በዙሉ ቋንቋ ሰላም የማይል ውሻ ብቻ ነው። ባላቸው አገር ቤት ከሞተ ቆይቷል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ኬፕታውን ከአንድ ጓደኛው ጋር ሱቅ ይሠራል። ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ወደዚያ ሲሄድ ቲኬቱን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ፤ በዚሁ ድረ ገጽ፣ በዚሁ ኮምፒውተር።

«ልጄ ሆስፒታል ገብቷል» አሉኝ ሳይቀመጡ። «ጓደኛው ደውሎ ነበር። ሐሙስ ማታ በማሽን እንዲተነፍስ ሊያስተኙት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዘመድ፣ እናቱ ትግባ ብለዋል። አሥር ሰዓት ላይ፣ ለአሥር ደቂቃ።»

«ሐሙስ የዚህ ሳምንት?»

«የዚህ ሳምንት። አንተ ልጅ፣ በዓይኔ ሳላየው እንዳያስተኙብኝ።»

በአውሮፕላን እንዳይሄዱ ፔፐራቸው፣ የስደተኛ መታወቂያቸው፣ ጊዜው አልፏል። መንግሥት ሁሉንም በጅምላ አራዝሜያለሁ ብሏል፤ ኤርፖርት መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ግን አልሰማችም፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬን ከነሻንጣው መልሳዋለች። አውቶቡስ እስከ ዓርብ የለም። ባቡሩ ረቡዕ ቀትር ላይ ተነስቶ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ይገባል። ድረ ገጹን ከፈትኩት። ሙሉ ነው አለኝ።

«አይስጉ» አልኳቸው። «እኔ እያለሁ?»

የመጀመሪያውን ቲኬት፣ እስከ ኪምበርሊ ያለውን፣ ከፔፐራቸው እያየሁ ፊደል በፊደል ጻፍኩት፤ የራሳቸውን ስም፣ ቀጥሎ የአባታቸውን። ሁለተኛው ላይ የቀረው ወንበር አንድ ብቻ ነበር። ድረ ገጹ ደግሞ ደቂቃ ይቆጥርብሃል፤ ካልጨረስክ ወንበሩን ለሌላ ይሰጠዋል። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይመጣል። እትዬ ከኋላዬ ቆመው «ደረሰ? ደረሰ?» ይሉኛል። የራሳቸውን ስም ብቻ ጻፍኩ፣ የቀረውን ኮምፒውተሩ ራሱ ሞላው፣ ሳላየው ክፈል የሚለውን ተጫንኩ። ሁለቱንም አትሜ በስቴፕለር መትቼ ሰጠኋቸው። ግንባሬን ይዘው ሳሙኝ፤ ያኔ ሰው መሳም እንኳ የሚያስፈራ ነበር።

ረቡዕ ፓርክ ስቴሽን ድረስ ሸኘኋቸው። አንዲት ትንሽ ቦርሳ፣ አንድ አዲስ ብርድ ልብስ ለልጃቸው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እጄን አውለበለብኩ፤ ሱቄ ስመለስም ስለ ብልሃቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ።

ሲመሽ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ ቁጥር ነው፤ የሚያወራው ግን ወንድ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ኪምበርሊ ላይ ተረኛው ተቀይሮ አዲሱ ቲኬት ተቆጣጣሪ ገብቷል።

«ቡቲ፣ ወንድሜ» አለኝ፣ «ይህች ማማ የያዘችው ቲኬት የሌላ ሰው ነው። ፔፐሯ ሌላ ስም ነው የሚለው። እዚህ ትወርዳለች።»

«አይሆንም!» አልኩ ከወንበሬ ተነስቼ። የሚቀጥለው ባቡር የሚመጣው በሳምንቱ ነው።

ኮምፒውተሩን እስክከፍት አስረዳው ጀመር። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፣ የመጀመሪያው የራሷ፣ ሁለተኛው የአባቷ፣ ሦስተኛው የአያቷ ነው፤ ሴት ልጅም ብታገባ ስሟን አትቀይርም። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ «እሺ፣ ታዲያ ይሄ ቲኬቱ ላይ ያለው ስም የአባቷ ነው የአያቷ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ቲኬቱን ያየሁት።  የአባታቸውም የአያታቸውም አይደለም። ከዓመታት በፊት ለልጃቸው ቲኬት ስቆርጥ ድረ ገጹ ያስቀረው ስም ነው፤ የልጃቸው አባት ስም። ያንን ነው ኮምፒውተሩ ከእትዬ ስም ጎን ለጎን የለጠፈው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ፤ እኔ ግን የሰው እናት ነው ያፈሰስኩት።

«የባሏ ነው» አልኩት።

 ከኋላው የባቡሩ በር ሲዘጋ ይሰማኛል።

«አግብታለች ማለት ነዋ» አለኝ። «የባሏን ስም ይዛለች። ቡቲ፣ ይሄን አስቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሻርፕ፣ ተስማምተናል።»

ስልኩን ለእትዬ ሰጣቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ባሌ በሕይወቱ እያለ ያልያዝኩትን ስም ዛሬ በባቡር አስያዝከኝ?» ይሳቁ ይቆጡ አልገባኝም። ስልኩ ተቋረጠ።

ሐሙስን እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሱቁን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ። አንድ ሰውዬ ስልክ ላስጠግን ብሎ መጥቶ መስታወቱን የባሰ ሰበርኩበት። ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ደወሉ፤ ባቡሩ ኬፕታውን ሊገባ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ቆሟል፣ ለምን እንደቆመ የሚነግረን የለም አሉኝ። እንደ ጥፋተኛ ልጅ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሳይነሳ ሰባት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ተነሳ። ኬፕታውን የገቡት ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው፤ የልጃቸው ጓደኛ በመኪና ጠብቆ ይዟቸው በረረ። ከዚያ በኋላ ስልካቸው አይነሳም። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል ሆነ። ምነው እኔ ባልቆርጥላቸው፣ ሌላ ሰው ቢቆርጥላቸው ኖሮ እያልኩ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ተመላለስኩ።

ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ደወሉ።

«ገባሁ» አሉኝ።

የሆነውን ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ዝርዝር ይዟል። ዝርዝሩ ላይ የበሽተኛው እናት ተብሎ የተጻፈው የእሳቸው ስም ከልጃቸው አባት ስም ጋር ነው፤ እዚህ አገር እናትና ልጅ አንድ ስም ይኖራቸዋል ብለው ነው የጻፉት። ፔፐራቸውን ሲያሳዩት «ይህች አንቺ አይደለሽም» አላቸው። እናቱ ነኝ ቢሉት ሁሉም እናቱ ነኝ ይላል አላቸው። የልጃቸው ጓደኛ ለመነ፣ አልሆነም። አሥር ሰዓት አለፈ። እትዬ ቦርሳቸውን መሬት ላይ ገለበጡት፤ ያላቸውን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ ሰጡት። ከወረቀቱ ውስጥ የእኔ ቲኬት ነበረ። ጥበቃው ቲኬቱን አየ፣ ዝርዝሩን አየ፣ ፔፐሩ ላይ ያለውን የራሳቸውን ስም አየ። ከዚያ በሩን ከፈተው።

«አወቀኝ» አሉኝ። «ብርድ ልብሱን አልብሼው ወጣሁ። እጄን ይዞኝ ነበር።» ቀጥለውም «ሳይደግስ አይጣላም» አሉ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ያስገባቸው ስንት ጊዜ ለሰው የፎከርኩበት ብልሃቴ አይደለም፤ ኪምበርሊ ላይ ሊጥላቸው የነበረው ስህተቴ ነው።

ልጁ እሑድ ጠዋት አረፈ። ከተኛበት አልነቃም። እዚያ ያሉ ያገሬ ልጆች ቀበሩት፤ የቀብር ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለነበር ግማሾቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነው ያለቀሱት። እኛ ሜይፌር ውስጥ ተራርቀን ተቀምጠን ለቅሶ ደረስን፣ የለቅሶው ባለቤት እትዬ በሌሉበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬ ደወሉ። ድምፃቸው ደርቋል።

«የመልሱን ቁረጥልኝ።»

«እሺ እትዬ። አሁን እንኳ ስሙን ተጠንቅቄ፣ ፔፐርዎ ላይ እንዳለው አድርጌ...»

«አይደለም» አሉኝ። «በዚያኛው ስም።»

«በየትኛው?»

«ልጄ በሚጠራበት፣ በአባቱ ስም።»

«መንገድ ላይ ቢጠይቁዎትስ?»

«የባሏ ነው በላቸው። ያኔም አልዋሸህም።»

ድረ ገጹን ከፈትኩት። በዚያ ሳምንት ከኬፕታውን እስከ ጆበርግ ወንበር ነበረ፣ ለሁለት መክፈል አላስፈለገኝም። ተጓዥ ይምረጡ የሚለው ቦታ ላይ ስጫን ከዝርዝሩ አናት የመጣው የልጁ ስም ነው። ከጎኑ አጥፋ የሚል ትንሽ ምልክት አለ። እጄ አልሄደበትም። እኔ መጠበቅ የማልችለው ሰው ብዙ ደቂቃ እንደዚያው ተቀመጥኩ፤ ድረ ገጹ ሰዓትዎ አልቋል ብሎ ተዘጋብኝ፣ እንደገና ከፈትኩት። የእትዬን ስም ጻፍኩ። የቀረውን ራሱ ሞላው።