የሐምራዊው ቧንቧ ጥጥ

ሥራ የገባሁ ቀን አለቃችን ዮራም ማሳው ዳር ሁለት ቧንቧ አሳየን። «ነጩ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ለቲማቲም። በሐምራዊው የሚመጣው ከአፉላ ከተማ ቤቶች የወጣ እጣቢና ፍሳሽ ተጣርቶ ነው፤ ለጥጥ። አይጠጣም፤ ቤሴዴር?» አለን፤ «እሺ?» ማለቱ ነው። ነጩን ለዓለምነሽ ሰጣት፤ ሐምራዊው ለእኔ ደረሰ። በአንድ ቀን የተቀጠርን፣ ሁለታችንም የጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ሰዎች ነን። ነጩን የሰጣት ዕብራይስጡን ስለምታቀላጥፈው ነው ብዬ ያኔውኑ ቅናት ጀመረኝ።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። ጠዋት ቧንቧው ላይ ያለውን የማጣሪያ ክዳን እፈታለሁ፤ ውስጡን በብሩሽ ስፈትገው አረንጓዴ አተላ ይወጣዋል። መክፈቻውን የማዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይታጠብ ከተከፈተ አተላው ውኃው የሚንጠባጠብባቸውን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል፤ ጥጡም በቁሙ ይደርቃል።

እሸት ሲደርስ ለጎረቤት ማቃመስ የአገራችን ወግ ነው። ዓለምነሽ ቲማቲሟን በፌስታል ይዛ ከደጅ ደጅ ስትዞር ሰፈሩ ይመርቃታል። አውቶቡስ ላይም አትተወኝ፤ «እታለም፣ ያንቺ እሸት መቼ ነው? ጥጥ ልታበዪን ነው?» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ እኔም እየቀናሁ እስቃለሁ።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋና የንጹሑ ውኃ ድርሻ ተቀነሰ፤ ቲማቲሙም ቀረ። የእኔ ውኃ ግን አልተቋረጠም፤ ከተማው ገላውን መታጠብ አይተው! ተመስገን ሳልል ዮራም ዓለምነሽን ወደ እኔ አመጣት። «አብራችሁ ሥሩ። ከጥጥ ለቀማ በኋላ የሐምራዊው መስመር ኃላፊ የማደርገው አንዳችሁን ነው» አለ። በነጩ ስቀናባት የኖርኩ ሴት፣ ደግሞ በሐምራዊው ቀናሁባት። የኔ ነዋ!

በማግስቱ ቀድማኝ ገብታለች። ነጩ ላይ እንደለመደችው ማጣሪያውን ሳትነካ መክፈቻውን ይዛዋለች። ዮራም ከትራክተሩ እየወረደ ነው።

«ተይ አንቺ ልጅ! እንዳትከፍቺ!» ብዬ ጮኽኩ።

እጇን ሰበሰበች። ክዳኑን ፈትቼ አተላውን አሳየኋት። ዮራም ሰላምታ ሰጥቶን ሲያልፍ ጠጋ አለችኝ፤ «እታለም፣ ዝም ብትዪ እኮ ሥራው ያንቺ ነበር» አለች።

«የቀናሁት ባንቺ ነው፤ ጥጡ ምን አደረገኝ?» አልኳት።

ጥጡ ተለቀመ፤ ዕብራይስጡ ረድቷት ይሆናል፣ ኃላፊነቱ ለእሷ ተሰጠ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በአውቶቡስ ሳልፍ መክፈቻው ላይ ጎንበስ ብላ አያታለሁ፤ አሁንም እቀናለሁ።

ለእናንተ ለአዲስ ገቢ ሠራተኞች የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው፤ ሐምራዊ ቧንቧ ማጣሪያው ሳይታጠብ አይከፈትም።