የታክሲው ጥቅስ ባለቤት

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ማንአለው» ነው የሚሏት። አንድ ሰው ሻይ ክበብ ቁጭ ብሎ «አንድ ትልቅ ሰው እንዳለው...» ብሎ ገና አፉን ሲከፍት፣ ከኋላው «ማነው ያለው?» የምትለው እሷ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ የምታቀርበው ዝግጅት አላት። አድማጭ የሰማውን ጥቅስ ይልክላታል፤ እሷ መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ትፈልጋለች። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ግን ሰው ጥሩ ንግግር ሲያገኝ ለታወቀ ሰው ካልሰጠው እንቅልፍ አይወስደውም። ማንአለው ደግሞ ነጥቃ ካልመለሰች አይወስዳትም። አንድ ጊዜ በባልደረባቸው ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት ትዳርን ከባቡር ጋር የሚያመሳስል ጥቅስ አሰሙ፤ የተናገረውም አንድ የጥንት ንጉሥ ነው አሉ። እሷ አጠገቧ ለተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ በሹክሹክታ «ንጉሡ ባቡሩን የት አይተውት?» አለችው። ለካ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ማይክሮፎን ክፍት ኖሯል! አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አጎትየው እስከ ዛሬ ሰላም አይሏትም።

መጽሐፍ ታገላብጣለች፣ የድሮ ጋዜጣ ትበረብራለች፤ ከሁሉ በላይ የምታምነው ግን ሰውን መጠየቅ ነው። «ማን ነገረህ?» አትልም። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ሰው የሚሰጠው የሚያኮራውን መልስ ነው። «ስትሰማው የት ነበርክ? በእጅህ ምን ይዘህ ነበር?» ነው የምትለው። ሰውየው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ቦታውን ሲያስታውስ፣ የተናገረውም ሰው አብሮ ይመጣለታል። ፈልጋ ካጣች ደግሞ «አላገኘሁትም» ትላለች፤ በሬዲዮ፣ ያለ ምንም ሀፍረት። ለዚህች አንድ ቃል ብቻ ቆመው ቢያጨበጭቡላት አይበዛባትም።

አንድ ቅዳሜ የታክሲ ሹፌር ደወለላት። መስታወቱ ላይ የለጠፈው ጥቅስ «የደከመን ሰው አይዞህ አትበለው፤ የያዘውን ተቀበለው» ይላል። ከሥሩ «የጥንት ፈላስፋ» ተብሎ ተጽፏል።

«ፈላስፋው ስም የለውም እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

ሳቋ አመለጣት። ጥቅሱ የራሷ ነበር። የዛሬ ስንት ዓመት እዚያው ማይክሮፎን ላይ ስለ አስታማሚዎች ስታወራ የተናገረችው ነው። አለቃዋ ይህን ሲሰሙ የሚሆኑትን አጡ። «ፈላስፋዋ አንቺ ነሻ! በሉ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ልዩ ዝግጅት!» አሉ። እሷ ግን ደንብ አላት። ማንም ሰው «እኔ ነኝ ያልኩት» ስላለ ብቻ አይታመንም፤ ምስክር ይቆጠራል። ቃሉ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ግን ከሬዲዮው በፊት፣ እናቷ ታማ በተኛችበት ወቅት እንደሆነ ታስታውሳለች። ያኔ አጠገቧ የነበረችው ታናሽ እህቷ ብቻ ናት፤ ከእሷ ጋር ደግሞ ከእናታቸው ቀብር ወዲህ ተኳርፈዋል።

እውነቱን ለመናገር ምስክርነቱ ሰበብ ነበር። እህቷ ናፍቃታለች። ለምን እንዳኮረፈቻት ግን አታውቅም፤ የእናታቸው ቁም ሣጥን ለእኔ ስለደረሰ ይሆናል ብላ ራሷን አሳምናለች። የስንቱን ቃል ምንጭ ስታነፈንፍ የምትውል ሴት፣ የገዛ እህቷን ኩርፊያ ምንጭ አንድ ቀን ሄዳ አልጠየቀችም።

እህትየው ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሱሪዎች። እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ ቀና ብላ አየቻት።

«ምን እግር ጣለሽ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ያ... የደከመን ሰው አይዞህ አትበለው የሚለው። እኔ ስናገረው እዚያ ነበርሽ አይደል?»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«አንቺ ስትናገሪው?»

«አዎ፣ እማዬ ታማ እያለች። ኮሪደሩ ላይ።»

«እስቲ እኔም እንደ ሬዲዮሽ ልጠይቅሽ» አለች እህትየው። «በእጅሽ ምን ይዘሽ ነበር?»

ማንአለው ዓይኗን ጨፈነች። «ሳፋ። የእማዬ አንሶላ ያለበት ሳፋ። ከባድ ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ ሳፋው በማን እጅ ነበር?»

ማንአለው ዓይኗን ገለጠች።

«በእኔ» አለች እህቷ። «አንቺ ቦርሳሽን አንግተሽ ገባሽና ‹አይዞሽ እህቴ› አልሽኝ። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል። ‹የደከመን ሰው አይዞህ አይሉትም፤ የያዘውን ይቀበሉታል› አልኩሽ። ደንገጥ ብለሽ ተቀበልሽኝ። ሳፋውን አስቀምጠሽ ቃሉን ይዘሽው ሄድሽ።»

እውነቷን ነበር። ሰው የሰማውን ቃል ሲወደው የራሱ እየመሰለው እንደሚሄድ ማንአለው ለአድማጮቿ ስንት ጊዜ አስረድታለች፤ «ሌባ አትበሏቸው» እያለች። ለራሷ ሲሆን ግን ምንም አላጽናናትም።

«ቅዳሜ ያንቺ መሆኑን እናገራለሁ» አለች።

«ቃሉ ይቅርብኝ!» አለች እህትየው። «ቃል ምን ይሠራልኛል? ያን ጊዜ ያጠብኳት እኔ፣ ያጎረስኳት እኔ፣ ስታቃስት አብሬያት ያደርኩት እኔ። የቀብሯ ቀን ሰው ሁሉ ወደ አንቺ እየመጣ፣ በሬዲዮ ስለሚያውቅሽ፣ ‹እናትሽን ጦረሻል፣ ልጆችሽ ይጡሩሽ› ሲልሽ አጠገብሽ ቆሜያለሁ። ‹አሜን› አልሽ። አንዴ እንኳን ዞር ብለሽ ‹እሷ ናት የጦረቻት› አላልሽም።»

ለካ ነገሩ የቁም ሣጥን አልነበረም። ማንአለው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

ቅዳሜ ደረሰ። አለቃዋ ልዩ ዝግጅቱን ሳምንቱን ሙሉ ሲያስተዋውቁ ስለሰነበቱ አድማጩ ሬዲዮው ላይ ተለጥፏል። እሷ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች።

«የጥቅሱ ባለቤት ታናሽ እህቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት። የእኔ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።»

ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ አለቃዋ ራሳቸውን ያዙ። እሷ አላቆመችም።

«ሌላም የማስተካክለው አለ። እናትሽን አስታመምሽ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ አመስግናችሁኛል። ምስጋናው ባለቤቱን ስቷል። ሌት ተቀን ያስታመመቻት እሷ ናት። እኔ እሁድ እሁድ ብቅ የምል እንግዳ ነበርኩ፤ የቀብሯ ቀንም ስታመሰግኑኝ ዝም ብዬ ‹አሜን› አልኩ።»

ሰው የሌላውን ስህተት ሲያርም መዋል አይከብደውም። የራስን ገመና፣ ያውም ለአገር በሚሰማ ማይክሮፎን፣ ማረም ግን አንጀት ይጠይቃል። እሷ አንጀቱ አላት፤ ድምፅዋ ተሰብሮ እንኳን አንዲት ቃል አልዋጠችም።

ስልኩ ጠራ። የድምፅ ባለሙያው መስመሩን ከፈተው።

«ሄሎ፣ እኔም ማስተካከያ ነበረኝ» አለች እህትየው። «እሁድ ብቻ አይደለም። ረቡዕም ትመጪ ነበር። ከሥራ ስትወጪ መጥተሽ ፀጉሯን ትሠሪላት ነበር። እኔ ጎትቼ ስለማሳምማት፣ እማዬ ካንቺ በቀር ማንንም ራሷን አታስነካም ነበር። እሱንም ተናገሪ።»