ወይዘሮ አስካለን ከገጹ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ

ይህ ነገር እስከ ዘንድሮ ድረስ ከአንደበቴ ወጥቶ አያውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው በየጾሙ ሲጠይቁኝ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የገደፍኩትን ረቡዕ ሳይቀር እዘረዝር ነበር፤ ይህችን ግን ዘለልኳት። በስልክ የተጻፈች ጥቂት መስመር እንዴት ኃጢአት ትሆናለች?

መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ከተማችን ውስጥ አንድ ንባብ ቤት አለ። የከፈቱት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ የበግ ጠጉር እየፈተሉ፣ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ እያሠሩ የሚሸጡ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፉ ሴት። ባላቸው ሲሞቱ መንገድ ዳር ያለውን ክፍላቸውን ባዶ አደረጉና ሁለት አግዳሚ ወንበር አስገቡ። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ መጽሐፍ በኬሻ አስጭነው አመጡ። «ቤቱ መብራት የሌለው ተማሪ እዚህ ያንብብ» አሉ። እኔ የመጣሁት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ እሱንም ለምነውኝ። መጻሕፍቱን በፊደል ተራ ደረደርኩ፣ መዝገብ ከፈትኩ፣ ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ በቀለም ጻፍኩ። የእኔ ሥራ ይኸው ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ በክረምቱ ዕረፍት፣ ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ፣ ማንም ሰው ሊጽፍበት በሚችል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ ራሴ ጻፍኩ። ስለ ራስ መጻፍ እንደማይመከር የሚያሳስብ ማስታወቂያ ነበረበት። አላየሁትም ልል አልችልም፤ አንብቤዋለሁ። እንዲያውም ሳቅሁ። ስለ እኔ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? በሌላ ስም ገባሁና ራሴን «እሳቸው» እያልኩ ጻፍኩ። መጀመሪያ «ንባብ ቤቱን ከወይዘሮ አስካለ ጋር መሠረቱ» ብዬ ነበር። እሱም ውሸት ነው። መልሼ ሳነበው ግን አንድ ስም የበዛ መሰለኝ። «ከወይዘሮ አስካለ ጋር» የሚለውን አጠፋሁት። «ንባብ ቤቱን መሠረቱ» ሆነ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ በገዛ አውራ ጣቴ። ያን ቀን ስልኬን አስቀምጬ ራቴን በሰላም በላሁ። ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የማላውቀው ሰው «ለዚህ ምንጩ የት አለ?» ብሎ ጻፈበት። በዚያው ሰሞን ገጹን ያነበበ የመጽሔት ጋዜጠኛ ደወለልኝ።

«የተጻፈው ትክክል ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ እንደተጻፈው ነው» አልኩት።

መጽሔቱ ሲወጣ አምጥቼ ለገጹ ምንጭ አደረግሁት። የዋሸሁት እኔ፣ ለውሸቴ ምስክር ያቆምኩለት እኔ። መጽሔቱ ላይ ወይዘሮ አስካለ መጥረጊያ ይዘው በሩ ላይ የቆሙበት ፎቶ ነበር። ከሥሩ «የንባብ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ» ይላል። ኋላ አንድ ሰው ይህንኑ ወደ ገጹ ወሰደው። አየሁ። አላረምኩትም።

ባለፈው ዓመት ንባብ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንጻ ሲዛወር በዓል ተደረገ። የመድረክ መሪው ለአገሩ እንግዳ ነው። ስልኩን አውጥቶ ታሪኬን አነበበ፤ ተጨበጨበ። ቀጥሎ «ለረጅም ዓመታት በጽዳት ላገለገሉን እናታችን!» ብሎ ወይዘሮ አስካለን ጠራቸው።

ነገሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ። ተነሥቼ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኛ! አልተነሣሁም። ወይዘሮ አስካለ ቀስ ብለው ወጡ፣ የተሰጣቸውን ጋቢ ተቀበሉ፣ ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ወረዱ። በገዛ ቤታቸው የከፈቱትን ንባብ ቤት ጠራጊ ተብለው፣ ጎንበስ አሉ!

ሲያልቅ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«መምህር፣ ያንን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ አስካለ። ማንም ሊጽፍበት ይችላል።»

«እንዲያ ነው?»

«እንዲያ ነው።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ለሁለተኛ ጊዜ ካድኳቸው፤ ያውም ዓይን ለዓይን እየተያየን።

በማግስቱ ገጹን ከፍቼ ላስተካክል ሞከርኩ። በሰዓታት ውስጥ አንድ ሰው ወደ ነበረበት መለሰው፤ መጽሔቱ ሌላ ይላል አለኝ። ባለታሪኩ እኔው ነኝ፣ የመጀመሪያውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። «ሰው ስለ ራሱ አይጻፍ የምንለው ለዚሁ ነው። ያኔ የጻፉት እርስዎ፣ አሁን የሚያርሙት እርስዎ። የቱን እንመን?» እውነቱን ነው። በውሸቴ ታምኜ፣ በእውነቴ የሚያምነኝ አጣሁ።

በዚህ ዓመት ጾም ከመግባቱ በፊት ወይዘሮ አስካለ ቤት ሄድኩ። ጠጉር እየፈተሉ ነበር። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳቸው።

እንዝርታቸውን አላቆሙም። «አንተ መሆንህን ባላውቅ ለምን አንተን እጠይቅህ ነበር?»

ያኔ ገባኝ። ያን ዕለት በሩ ላይ የጠበቁኝ ሊጠይቁኝ አልነበረም፤ እንድናገር መንገድ ሊሰጡኝ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ስሜን የፋቅኸው በሰው ፊት ነው» አሉኝ። «እዚህ ጓዳ ውስጥ ብቻችንን ሆነን ምን ይቅርታ አለ?»

ስለዚህ ይህን ጽፌ በሰው ፊት እናገራለሁ። ንባብ ቤቱን የከፈቱት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ጉልበት። ሲጠርጉም የገዛ ቤታቸውን ነበር። እኔ ደርሼ ያገዝኩ ሰው ነኝ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። አላወቅሁም አልልም፤ ማስታወቂያውን አንብቤ ነው የጻፍኩት። ይቅርታን ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለችም። ገጹንም ከእንግዲህ በእጄ አልነካውም። የሚያውቃቸው ሰው ይጻፍ።