ለሰኔ ሚካኤል የተቆጠረ ልጅ

በጣሊያን ጊዜ እኔም ተማሪ ነበርሁ። ወንድሜ ደብረ ታቦር ቅኔ ሲቆጥር፣ እኔ ጋፋት አክስቴ ዘንድ አዋላጅነት እማር ነበር። እሱን መምህሩ አጠገባቸው ያስቀምጡታል፤ እኔን ግን አክስቴ ደፍ አያሳልፉኝም። ወልዳ የማታውቅ ሴት ምጥ ቤት አትገባም ባይ ናቸው። ባሌ የፈታኝም ባለመውለዴ ነውና ነገሩ ያንገበግበኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ተቀምጬ ቅቤ አሞቅሁ፣ ውኃ አቀበልሁ፣ ጆሮዬን አቆምሁ።

በር ላይ መቀመጥም የራሱ ትምህርት አለው። ሴቶቹ ለአክስቴ ለመናገር የሚያፍሩትን ለእኔ ይነግሩኛል። እኔን ማን ይፈራል?

አንዷ የጎረቤታችን ምራት ነበረች። ባሏ ከአርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ወዲህ ቤቱ የመጣው ለመስቀል አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አማቷም አክስቴም ከዚያ ቆጥረው ለሰኔ ሚካኤል ትወልዳለች አሉ። ውኃ ስንቀዳ ግን እውነቱን ነገረችኝ። ነሐሴ ላይ ጤፍ ስታርም ባሏ ተደብቆ መጥቶ ወንዝ ዳር አግኝቷታል። በፍልሰታ ጾም። እነሱ በቁርባን የተጋቡ ናቸው፤ አማቷ ደግሞ በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም።

"ከምነግራቸው ብሞት ይሻለኛል" አለችኝ።

ምስጢሯን ጠበቅሁላት። በጣቴ ግን እቆጥር ነበር፤ ልጁ ሰኔን አይጠብቅም። ቀድሞ ቢወለድ ደግሞ ሰው የማን ነው ማለቱ አይቀርም፤ ከተማው ውስጥ ጣሊያን ሰፍሯል። ፈራሁላት።

ልጁ በግንቦት ልደታ መጣ፣ ያውም ድብልብል ብሎ። አማቷ አገላብጠው አዩት።

"አንድ ወር ተኩል ጎድሎት ይህ ሁሉ ሥጋ ከየት መጣ?" አሉ።

ምራቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አክስቴ የሕፃኑን ጥፍር አዩ፤ ከጣቱ ጫፍ አልፏል። ቀኑ ያልደረሰ ልጅ እንዲህ ያለ ጥፍር የለውም፤ ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀጥለው በር ላይ ያለሁትን እኔን አዩኝ። ከዚያ የልጁን እግር ከጨርቁ አውጥተው ለአማቲቱ አሳዩ።

"ይችን የታጠፈች ትንሽ ጣት ታውቂያታለሽ? ያንችም ልጅ ይችኑ ይዞ ሲወለድ ያዋለድሁት እኔ ነኝ። የጣሊያን መንገድ ሠሪዎች በድማሚት አገሩን ሲያናውጡት እየሰማሽ፣ ልጁ ደንግጦ ቀድሞ ቢወርድ ይገርምሻል?"

አማቷ ጣቲቱን ነካ ነካ አደረጉና አለቀሱ፤ ልጃቸውን ካዩ ሰባት ወር አልፏቸው ነበር። ከዚያ ተነሥተው ገንፎውን ገነፉ።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ "መቼ አወቅሽ?" አሉኝ።

"ከኅዳር ጀምሮ።"

"ለኔ ስለምን አልነገርሽኝም?"

"ብትፈልግ ራሷ ትነግርዎት ነበር፣ አክስቴ።"

ጥለውኝ ገቡ። የተቀየሙኝ መሰለኝ።

በሳምንቱ ለሌላ ምጥ ተጠራን። እንደ ልማዴ በር ላይ ልቀመጥ ስል አክስቴ ቀድመውኝ ተቀመጡ። እትብት የሚቆርጡበትን ምላጭ ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝ።

"ቅቤውን እኔ አሞቃለሁ፤ አንች ግቢ" አሉኝ።