የዳምቦያዋ እናት

የመጡት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። አንዱ የፖሊስ ልብስ ለብሷል፤ ሌላው ሲቪል ነበር። ሲቪሉ ሳያንኳኳ በሩን ከፍቶ «መምህርት፣ አንዴ ለጥያቄ እንፈልግሽ ነበር» አለኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ እጄን አራገፍኩ። ተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ የሣልኩትን የልብ ሥዕል እየገለበጡ ነበር። ለምን እንደመጡ አላጣሁትም። ከጥቂት ቀናት በፊት በከተማው በተጠራ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ሰዎች ያለ ክስ ለምን እንደሚታሰሩ ጠይቄ ነበር።

ያን ጊዜ የጡት ካንሰር ሕክምናዬን ከጨረስኩ ዓመት አልሞላኝም። የግራ ጡቴ አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ተነሥቷል። በኬሞ ሕክምናው ያለቀው ጸጉሬ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። ሐኪሜ የሸኘችኝ «እንግዲህ ኑሪ» ብላ ነው። እኔም መኖር ጀምሬ ነበር።

የጣቢያውን ስም አልጽፍም። ከሆሳዕና ብዙ አይርቅም። በር ላይ የፈተሸችኝ ልጅ እግር ፖሊስ ነበረች። እጇ ጡት መያዣዬ ጋ ሲደርስ ቆመ። እህቴ ከጥጥና ከጨርቅ የሰፋችልኝን ጡት ስባ አወጣችና መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጡቴ ነው።»

«አልገባኝም።»

«ታምሜ ተቆርጧል። በእሱ ቦታ የማደርገው ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። ልትመልስልኝ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ከኋላዋ የቆመው ፖሊስ ግን «ያልታወቀ ዕቃ አይገባም» አላት። ከቀበቶዬ ጋር ካርቶን ውስጥ ጣለችው።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ቆርቆሮው በቀን ይግላል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ውሃ ያንጠባጥባል። የላብ፣ የሽንትና የቆጮ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ተቀበለኝ። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። ነጠላዬን ደረቴ ላይ አጣፍቼ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ስተኛም አላወለቅኩትም።

አጠገቤ የነበሩት ከዳምቦያ ገጠር የመጡ እናት ናቸው። እሳቸውን የከሰሳቸው የለም። የሚፈለገው ወንዱ ልጃቸው ነው፤ እሱ ሲሸሽ፣ እስኪመጣ ድረስ ብለው እናቱን ያዙ። ሴት ልጃቸው ቆጮና ጎመን ቋጥራ በር ድረስ ትመላለሳለች። ክፍሉ ሁሉ «አማ» ይላቸዋል፤ በቋንቋችን እናት ማለት ነው። እኔም አማ አልኳቸው።

ጠዋት እየተነሣሁ ግራ እጄን ግድግዳው ላይ በጣቶቼ ወደ ላይ አስኬዳለሁ። ክንዴ እንዳይደርቅ ሐኪም ቤት ያስተማሩኝ ነው። አማ ዝም ብለው ሲያዩኝ ሰነበቱና አንድ ቀን «ልጄ፣ እዚያ ላይ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ስለ ክንዴ ብቻ ነገርኳቸው፤ ስለ ሌላው ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ገላ መታጠብ ተፈቀደልን። ሽንት ቤቱ ጀርባ፣ በሸራ የተጋረደች ቦታ ነበረች። እየተጣመርን ነበር የምንገባው፤ እኔ ከአማ ጋር ደረሰኝ። ነጠላዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከታመምኩ ወዲህ ከእህቴና ከሐኪሞች በቀር ማንም ገላዬን አይቶት አያውቅም። ግን ቆዳዬ በላብ ተቆጥቷል፤ ውሃውም ተመልሶ የማይገኝ ውሃ ነው። አወለቅኩ።

አማ አላፈገፈጉም። ጠባሳውን ከብብቴ እስከ ደረቴ መሃል በዓይናቸው ተከተሉት።

«ያምሻል?»

«አሁን አያመኝም።»

«ቆርጠውት ነው?»

«አዎ፣ አማ። ካንሰር ነበር።»

«ከዚያ ወዲህ እህል ትበያለሽ? ሥራ ትሠሪያለሽ?»

«እበላለሁ። አስተምራለሁ። ዳገት ስወጣ ይደክመኛል እንጂ ደህና ነኝ።»

ከዚያ እጄን ይዘው ቀሚሳቸው ውስጥ አስገቡት። ቀኝ ጡታቸው ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር አለ። ቆዳው በላዩ ላይ ሻክሮ ወደ ውስጥ ተሰብስቧል። እጄን ወዲያው ማውጣት አልቻልኩም።

«ማን ያውቃል?»

«ጌታ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን አስጸልያለሁ፤ ግን ሆዴን ነው የሚያመኝ ያልኩት። ጡቴን ማለት አፈርኩ።»

«ሐኪም ቤት መሄድ አለብዎት፣ አማ።»

«ይቆርጡኛላ።»

«እኔን ይዩኝ እንጂ።»

እንደገና አዩኝ፤ ፊቴን ጭምር። «አየሁሽ» አሉ። ከዚያ ውሃውን በጆግ ቀድተው ጀርባዬን ያጥቡኝ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኩቼ ለዚያች ፖሊስ ነገርኳት። ለኃላፊው ነገረችው፤ ራሱ መጣ። አልተቆጣም። ድምፁም ለስላሳ ነበር።

«እናቴ፣ ልጅዎን ያስጠሩት። እሱ እጁን የሰጠ ዕለት እርስዎን በመኪና ሐኪም ቤት አደርስዎታለሁ።»

አማ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ይህን ጡት የጠባው እሱ ነው» አሉት። «ለጡቱ ብዬ ልጁን አልሰጥም።»

ኃላፊው በሩን ዘጋው። ክፍሉ ውስጥ ማንም አላለቀሰም። አንዷ ከቆጮዋ ቆርሳ ዘረጋችላቸው። ተቀብለው ቀስ ብለው በሉ።

ፍርድ ቤት የምቀርብበት ቀን ማለዳ አማ ቀሰቀሱኝ። «እንዲህ ሆነሽ ሰው ፊት አትቆሚም» ብለው ጉልበታቸው መሃል አስቀመጡኝ።

«አጭር ነው፣ አማ። ለሹሩባ አይያዝም።»

«የሕፃን ጸጉርም ይያዛል።»

ማበጠሪያ አልነበረም። በጣታቸው እየከፈሉ፣ እያመለጣቸው፣ እንደገና እየያዙ ጎነጎኑኝ። ሲስቡት ያማል። ግን ጸጉሬ ከበቀለ ወዲህ የሰው እጅ ራሴን ነክቶኝ አያውቅም ነበርና፣ ቶሎ እንዳይጨርሱ ተመኘሁ። ችሎት ስገባ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት፤ ደረቴ ላይ አላጣፋሁትም። አንዱ ጎኔ ጠፍጣፋ መሆኑ ይታያል። ይታይ አልኩ። ለተጠየቅኩት ቀና ብዬ መለስኩ። በዋስ ለቀቁኝ።

አማን የለቀቋቸው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ልጁ አልተያዘም፤ ማቆየቱ ሰልችቷቸው ይሆናል። ሴት ልጃቸው ደወለችልኝና አዲስ አበባ ይዘናቸው ሄድን፤ ወደ እኔው ሐኪም። ሐኪሟ የራጅ ፎቶውን አይታ ቀድማ እኔን አየችኝ። ካንሰሩ ሳንባቸው ውስጥ ገብቷል።

«መቼ ነው የምትቆርጪኝ?» አሏት አማ። ለመቆረጥ ቆርጠው ነበር የመጡት።

«አይ እናቴ፣ መቁረጥ አያስፈልግም። መድኃኒት እሰጥዎታለሁ።»

ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ግን እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙና «ዘገየሁ፣ አይደል?» አሉኝ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው። እሳቸውም አልደገሙትም።

ቤታቸው፣ እንሰቱን በሚያየው ጓዳ ውስጥ አረፉ። ወንዱ ልጃቸው ለቀብራቸው አልደረሰም።

እኔ አለሁ። ክኒኔን በየቀኑ እውጣለሁ፣ ቀጠሮዬን አላሳልፍም፣ አስተምራለሁ። ሰዎች «እንኳን ተረፍሽ» ሲሉኝ አሜን እላለሁ። ቀጠሮዬ በቀረበ ቁጥር አሁንም እንቅልፍ ይነሣኛል። ውጤቱ ደህና ነው ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ደስታው ሳያልቅ አማ ይመጡብኛል። ሁለቱን አብሬ መያዝ ለምጃለሁ።

በቅርቡ ሴት ልጃቸውን ለምርመራ ሆሳዕና ጠራኋት። ፈርታ ነበር፤ አብሬያት ገባሁ። ምንም የለብሽም አሏት። ስትመለስ ብቻዋን ልሰዳት አልሆነልኝም፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንጋጫን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰዳትና ራሷ በግራ በኩል ደረቴ ላይ ወደቀ። እዚያ ጋ ቆዳዬ ደንዝዟል፤ ሲነኩኝ አይታወቀኝም። ክብደቷ ግን ይሰማኝ ነበር። ዳምቦያ እስክንደርስ አልቀሰቀስኳትም።