ማንም ያላረሰው ጥግ

በባዶ እጇ ኮሸሽላ ትነቅላለች። ጣቶቿ ደምተዋል፤ ጓንቷን ግን ከኮቷ ኪስ አላወጣችም። የሴት አያቷን ዘር ፍለጋ ከቦስተን አየርላንድ ድረስ የመጣች፣ ስልሳን ያለፈች ሴት ናት። ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናትን ቤተ ክርስቲያን አላስቀብርም ስትል፣ አባቶቻችን እዚህ ማሳ ጥግ ይቀብሯቸው ነበር። የአያቷ የበኩር ልጅም እዚሁ፣ ስም ከሌላቸው ድንጋዮች ካንዱ ሥር ነው።

ባለማሳው ማላኪ ከካቡ ማዶ ጮኸ፤ «እሜቴ፣ ላሞቼን አያስበርግጉብኝ! ድንጋይ እኮ ነው የሚያቅፉት!»

«ድንጋይ ብቻ ከሆነ ለምን ለቅመህ አታርሰውም?»

ማላኪ ቆቡን ዝቅ አደረገ። ያንን ጥግ አባቱም አያቱም አላረሱትም።

«አያቴን ገና አራስ ሳለች አባቷ አሳፈረችኝ ብሎ መርከብ ላይ ጫናት» አለችኝ ቦታውን ወዳሳየኋት ወደ እኔ ዞራ። «ለሱ፣ ለቅድመ አያቴ፣ እብነ በረድ አቆሙለት፤ በዚህ ሕፃን ላይ ላም ለቀቁበት!»

አጠገቧ ተንበርክኬ መንቀል ጀመርኩ።

ሲመሽ መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ዘመዶቿ በቅድመ አያቷ መቃብር ላይ እንድታኖርላቸው ያዘዟት የአበባ ጉንጉን፣ ከነላስቲኩ ኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነበር።