ሊፈርስ ነው የተባለ ግድግዳ

ካዛንቺስ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ አልጋችን ያልዞረበት ጥግ የለም። ወደ በሩ ሳስጠጋው ብርድ፣ ወደ ጓሮው ግድግዳ ሳስጠጋው ሻጋታ። ልጄ አስም አለባት። ክረምቱ ሲገባ ግድግዳው ከሥሩ ጀምሮ ጠቆረ፣ እሷም ማሳል ጀመረች። በበረኪና ፈተግኩት፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ቢሮ ቁጭ ብዬ እንኳ የማስበው እሱን ነበር። አለቃዬ እያናገረኝ፣ ሻጋታ ሸትቶ እንደሆነ ብዬ የሹራቤን እጅጌ አሸታለሁ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። የጣሪያው አሸንዳ ተቀዶ ዝናቡ በጭቃው ግድግዳ ላይ ይወርዳል። አሸንዳ ማሠራት ደግሞ የአከራይ ነው። አከራዬ ከዚያው ግድግዳ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው።

«እማማ፣ ኧረ ያ አሸንዳ…» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ልጄ፣ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው እኮ! ነገ ለሚፈርስ ቤት ዛሬ ሚስማር ይመታል?»

የእሳቸው ብቻ አመል አልነበረም። ሊፈርስ ነው ከተባለ ወዲህ በመንደራችን የመዶሻ ድምፅ ጠፍቷል። የተሰበረው መስኮት በካርቶን ይደፈናል፣ ያበጠው በር በትከሻ ይገፋል። መቼ እንደሚፈርስ ግን የሚያውቅ የለም። እኔም የሰው ቤት ጠግኜ ለማን ብዬ ቁም ሳጥኑን ጥቁሩ ላይ ገጥሜ ከእንግዳ ዓይን ሸሸግኩት።

ከማዶ እማማም ያስላሉ። እርጅና ነው እል ነበር። ልጄ ስትስል እሳቸው ይከተላሉ፤ «እማማ መለሱልኝ!» ብላ ትስቃለች። እኔን ግን ያንገበግበኛል። አሸንዳውን ቢያሠሩ ምን አለበት?

አንድ ቀን እራት ላይ ልጄን ትንፋሽ አጠራት። ተሸክሜያት ክሊኒክ ሮጥኩ። ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ ስታበቃ፣ «መድኃኒቱ ብቻ አይበቃም፤ ደረቅ ቤት ፈልጊላት» አለችኝ።

ደላላ ያዝኩ። ከወሎ ሰፈር እስከ ሜክሲኮ ሲያዞረኝ ሰንብቶ በመጨረሻ ቡልጋሪያ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል አሳየኝ። ግድግዳውን በመዳፌ ስዳብስ ደላላውን አላስቻለውም።

«እህት፣ ቤት ነው ጨርቅ የምትመርጪው?»

«ልጄ ታማብኝ ነው» አልኩት። ግድግዳው ደረቅ ነበርና ያዝኩት።

በምንለቅበት ቀን ቁም ሳጥኑ ሲነሳ ግድግዳው እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሮ ታየ። እማማን ጠራኋቸው። አይተው እንዲያፍሩ ፈልጌ ነበር፤ የምናገረውንም አዘጋጅቻለሁ። ከደጅ ሰላም ብለውን ይመለሱ ነበር እንጂ፣ ከገባን ወዲህ ወደ ውስጥ ዘልቀው አያውቁም። ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡና መዳፋቸውን ጥቁሩ ላይ አሳረፉ።

«ውይ፣ ይኼማ ደህና ነው» አሉ። «እኔ አልጋ ጋ ያለውን ብታዪ!»

ቀጥለውም ሳሉ፤ ያው ከግድግዳው ማዶ ስሰማው የከረምኩት ሳል። ልጄ ደጅ ከዕቃው መሃል ሆና በተራዋ በሳል መለሰችላቸው።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። የጭነት መኪናው ክላክስ ያደርጋል። ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ፣ እጃቸውን ግን መልቀቅ አቃተኝ።

«እርስዎስ፣ እማማ?»

«ሂጂ፣ ሂጂ፤ ልጅቷን አውጫት» አሉኝ። «እኔማ እስኪፈርስ ነው እንግዲህ።»